ለማጅ

ቃለ መጠይቁ በቪዲዮ ነበር። እኔ ባሕር ዳር እህቴ ቤት፣ ጠያቂዎቼ እንግሊዝ አገር። ከወገቤ በላይ የተዋስኩት ኮት፣ ከወገቤ በታች የቤት ቀሚስና ነጠላ ጫማ። መብራት እንዳይሄድ እመቤቴን እየለመንኩ ቁጭ ብያለሁ። መሐል ላይ የተቀመጠችው ሴትዮ ፈገግ ብላ ለምን ያህል ጊዜ «ፕራክቲስ» ሳደርግ እንደቆየሁ ጠየቀችኝ። ይህን እንኳ አላጣውም። ኮራ ብዬ «ሁለት ሳምንት» አልኳት። ያ አልበቃ ብሎኝ «ማታ ማታ፣ ከእህቴ ጋር» ብዬ ጨመርኩበት።

ከሦስቱ አንዱ ወደ ወረቀቱ አቀረቀረ። ሴትዮዋ ግን ደግ ነበረች፤ ትንሽ ዝም ብላ ጥያቄውን በሌላ ቃል አመጣችው። በነርስነት ስንት ዓመት ሠርተሻል? ስድስት ዓመት። ስድስት ዓመት ሙሉ ሌሊት ያደርኩበትን፣ ስንቱን ሕፃን አቅፌ የተሯሯጥኩበትን ሥራ በሁለት ሳምንት የጓዳ ጥናት ለውጬው ነበር።

ሥራውን አገኘሁ። ቃሉ ግን ይኸው እስከ ዛሬ አብሮኝ አለ።

የነርሲንግ ተማሪ እያለን «ፕራክቲስ ወጣን» እንል ነበር። ነጭ ጋውን ለብሰን፣ በአንድ በሽተኛ አልጋ ዙሪያ አሥር ሆነን ቆመን፣ የደም ግፊት መለኪያውን እየተቀባበልን። ቲዎሪው ክፍል ውስጥ፣ ፕራክቲሱ ሆስፒታል። ስንመረቅ ፕራክቲስ አበቃ፣ ሥራ ተጀመረ። ስለዚህ ለእኔ ቃሉ የሥራ ዋዜማ ነው። ለእነሱ ደግሞ ሥራው ራሱ ነው። ሐኪም ሕክምናን ፕራክቲስ ያደርጋል፣ ጠበቃ ሕግን ፕራክቲስ ያደርጋል፤ ሠላሳ ዓመት አገልግሎ ጡረታ ሲወጣም ፕራክቲስ ማድረግ አቆመ ነው የሚባለው። መጀመሪያ ስሰማ «ታዲያ መቼ ሊችሉት ነው?» ብዬ ስቄያለሁ። ሃይማኖትም ላይ ይሠራል፤ የሚጾመውና የሚጸልየው ክርስቲያን «ፕራክቲሲንግ» ነው፣ ለጥምቀትና ለሠርግ ብቻ ብቅ የሚለው አይደለም።

እዚህ አገር ነርስና አዋላጅ የሚተዳደርበት የሙያ ደንብ አራት ዐቢይ ርእሶች አሉት። ሁለተኛው «ፕራክቲስ ኢፌክቲቭሊ» ብሎ ይጀምራል። ለምዝገባ ስዘጋጅ በማስታወሻዬ ዳር ላይ «በደንብ ተለማመዱ» ብዬ ተርጉሜው ነበር። ትእዛዙ ግን ሥራችሁን በሚገባ ሥሩ ነው። ልምምድማ እኔ መቼ ሰነፍኩ!

የቃሉ ሥር ግሪክ ድረስ ይሄዳል፤ ትርጉሙም ማድረግ፣ መሥራት ነው። ይህን ሳነብ ትዝ ያለኝ የራሳችን «ተግባር» ነው። እሱም «ገብረ» ከሚለው የግዕዝ ግስ የወጣ ነው፣ ሠራ፣ አደረገ ማለት። ከዚያው ቤት «ገበሬ» ይወጣል። ገበሬ በቃሉ ሲፈታ ሠሪ፣ አድራጊ መሆኑ ነው። አባቴ ምሥራቅ ጎጃም፣ ማቻከል ውስጥ ዕድሜ ልኩን በሬ ጠምዶ የኖረ ሰው ነው። በእንግሊዞቹ ቋንቋ ለምን ያህል ጊዜ ፕራክቲስ አደረጉ ብለው ቢጠይቁት ከእኔ የተሻለ መልስ ይሰጥ ነበር።

አጻጻፉ ላይ ብዙ አልቆይም። በእንግሊዝ ግሱ በኤስ ይጻፋል፣ ስሙ በሲ፤ አሜሪካኖቹ ሁለቱንም በሲ ጽፈው ተገላግለዋል። ድምፁ አንድ ስለሆነ ጆሮ አይረዳሽም። አንድ የሥራ ባልደረባዬ፣ እዚሁ ተወልዳ ያደገች፣ ሪፖርት ስትጽፍ ሁልጊዜ «የትኛው ነበር?» ብላ እኔን ትጠይቀኛለች። ለዚህ ብዬ እንኳ አሜሪካ መሄድ ነበረብኝ።

ሰዋስዉ ግን አስከፍሎኛል። አይልትስ ለሚባለው የእንግሊዝኛ ችሎታ ፈተና ስዘጋጅ በንግግር 7፣ በጽሑፍ 6.5 ማምጣት ነበረብኝ፣ ጽሑፉ ላይ ደግሞ አንድ ስሕተት እየተመላለሰ ያዘኝ። አማርኛ «መናገር ተለማመድኩ» ስለሚል «ፕራክቲስ ቱ ስፒክ» ብዬ እጽፋለሁ። ትክክሉ «ፕራክቲስ ስፒኪንግ» ነው፤ ከዚህ ግስ ቀጥሎ የሚመጣው ሌላ ግስ «ኢንግ» ለብሶ መምጣት አለበት። «ቱ» ካስገባሁበት አንባቢው የሚረዳው ለመናገር ብዬ ሌላ ነገር እንደተለማመድኩ ነው። አስተማሪዬ በቀይ እስክሪብቶ ደጋግሞ አሰመረበት። ያስለቀቀኝ ማብራሪያው ሳይሆን «ፕራክቲስ ዱዊንግ፣ ፕራክቲስ ዱዊንግ» እያልኩ ከፒያሳ እስከ ቤት በእግሬ መሄዴ ነው። ታክሲ ተራ ላይ ያየኝ ሰው ዳዊት የምደግም መስሎት ይሆናል።

የተመሳሳይ ቃላት መዝገብ የሚባለውን ነገር አላምነውም። ልምምድን ብትፈልጉበት ፕራክቲስ፣ ሪኸርስ፣ ድሪል፣ ትሬይን፣ ኤክሰርሳይዝ ብሎ ጎን ለጎን ይደረድርላችኋል፣ ልክ እንደ ሱቅ ሳሙና፣ አንዱ ካለቀ ሌላውን ውሰድ እንደማለት። ጊታር ፕራክቲስ ይደረጋል እንጂ ሪኸርስ አይደረግም። ድራማ ሪኸርስ ይደረጋል። «ኤክሰርሳይዝ ኮሽን» ሲሉሽ ጥንቃቄን ተለማመጂ ማለታቸው አይደለም፣ ተጠንቀቂ ማለታቸው ነው።

ይህንንም የተማርኩት ተዋርጄ ነው። እዚህ ከተማ ባለው ቤተ ክርስቲያናችን ሰንበት ትምህርት ቤት እዘምራለሁ። ቅዳሜ ከሰዓት ተረኛ እንድሆንላት የጠየቀችኝን ጓደኛዬን «የመዝሙር ጥናት አለኝ» ለማለት ፈልጌ ቃል በቃል ገለበጥኩላት፤ የመዝሙር «ስተዲ» አለኝ አልኳት። እሷም ደስ አላት። ዩኒቨርሲቲው የት ነው፣ ስንት ዓመት ይፈጃል፣ ክፍያውስ? ለሁለት ወር ያህል የሙዚቃ ተማሪ ሆኜ ቆየሁ፤ ማስተባበሉ አሳፈረኝ። እኛ ዘንድ ጥናት ብዙ ጣሪያ ያለው ቤት ነው። ለፈተና ማጥናት አለ፣ የተመራማሪ ጥናት አለ፣ መዝሙር ጥናት አለ፣ ተዋንያኑም ጥናት ላይ ናቸው እንላለን። ሥሩ «ጠና» ነው፣ በረታ፣ ጠነከረ። አጠና ማለት አጠነከረ ነው። መዝሙሩን ደጋግመን የምንለው እንዲጠና ነው፣ እሑድ ከካህናቱ ፊት እንዳይንገዳገድ። በእንግሊዝኛ ይህ ሪኸርስ ነው፤ የሚያይ፣ የሚሰማ ሰው የሚጠበቅበት ልምምድ።

ሪኸርስን ከሁሉ አብልጬ የወደድኩት ግን አመጣጡን ካወቅኩ በኋላ ነው። በጥንቱ ፈረንሳይኛ «ኸርስ» የእርሻ መሣሪያ ነው፣ ባለ ብዙ ጥርሱ መከስከሻ፣ ማረሻ ካለፈ በኋላ ጓሉን የሚያደቅቀው። ፊቱ ላይ ያለችው «ሪ» መድገምን ታመጣለች። ስለዚህ ሪኸርስ ማድረግ በጥሬው የታረሰውን መሬት እንደገና መከስከስ ነው። የአስከሬን መኪናም በእንግሊዝኛ «ኸርስ» ይባላል፣ ከዚሁ መከስከሻ የመጣ ስም ነው። ድሮ በሬሳው ሣጥን ላይ ሻማ የሚተከልበት ማዕቀፍ ይቆም ነበር፤ ሾል ሾል ያለው ጥርሱ መከስከሻ ስለሚመስል በዚያው ተጠራ፣ ስሙም ቀስ እያለ ወደ ሠረገላው፣ ከሠረገላው ወደ መኪናው ወረደ። በሆስፒታላችን ጀርባ በር ጥቁሩ መኪና ሲቆም ባየሁ ቁጥር አሁን የማስበው ጓል ነው።

እኛ አገር በሬ የሚጎትተው መከስከሻ እምብዛም የለም። ማረሻችን መሬቱን ይሰነጥቃል እንጂ አይገለብጠውም፣ በትልምና በትልም መሐልም ያልተነካ መሬት ይተዋል። ስለዚህ ገበሬው ይመለሳል፣ በዚህ ጊዜ አግድም። እንደገና ይመለሳል። ጤፍ የሚዘራበት ማሳ ሦስት፣ አራት፣ አንዳንዴም አምስት ጊዜ ይታረሳል፤ ከዚያ በኋላ እንኳ በከብት ይረገጣል። ልጅ እያለሁ አባቴ ያረሰውን ማሳ ዳግመኛ ሲያርስ ሳይ ተሳስቶ ይመስለኝ ነበር። «ትናንትና አርሰኸው የለም እንዴ?» ብዬው አውቃለሁ። መልሱ ትዝ አይለኝም፤ የመለሰልኝም አይመስለኝም።

ሪኸርስ በጥንቱ እንግሊዝኛ ለመድረክ መዘጋጀትን ብቻ አልነበረም የሚናገረው። በ1611 በታተመው የንጉሥ ጄምስ መጽሐፍ ቅዱስ፣ መሳፍንት ምዕራፍ 5 ላይ፣ በውኃ መቅጃው ስፍራ የእግዚአብሔርን የጽድቅ ሥራ «ሪኸርስ» ያደርጋሉ ይላል። መድገም፣ መተረክ፣ ደግሞ ማውራት። ይህኛው ፍቺ ለእኛ ሰው ማብራሪያ አይፈልግም። ዳዊት እንደግማለን። አያቴ ጎህ ሳይቀድ የምትደግመው ዳዊት ለማንም ትዕይንት ዝግጅት አልነበረም፤ መድገሙ ራሱ ጸሎቱ ነው። ያው «ደገመ» ደግሞ ጨለም ወዳለው በኩል ሲዞር «ድግምት» ይሆናል። መድገም ኃይል አለው ብሎ ያመነ ሕዝብ ነው ይህን ቃል የሠራው።

እንግሊዞቹ ራሳቸው ሪኸርስን ሙሉ በሙሉ አያምኑትም። ቅጽል ሲሆን ይገለበጣል። አንድ ጊዜ ሌላ ክፍል ውስጥ ጥፋት ተፈጥሮ ኃላፊው የበሽተኛውን ቤተሰብ ይቅርታ ሲጠይቅ አጠገባቸው ነበርኩ። ቃላቱ ልክ ነበሩ፣ ድምፁም ዝቅ ያለ። የበሽተኛው ልጅ ኃላፊው ሲወጣ ጠብቃ «ሪኸርስድ ነው» አለች። ያጠናውን ነው የተናገረው። እኛም «አጥንቶ የመጣውን ነው የዘከዘከው» እንላለን፣ በዚያው ቅሬታ። «ፕራክቲስድ» ግን እጅ ላይ ሲሆን ምስጋና ነው፤ ደም ሥር ሳታሰቃይ የምታገኝ ነርስ እጇ ፕራክቲስድ ነው። ፈገግታ ላይ ሲሆን እንደገና ሐሜት ይሆናል።

ድሪል ከደች ነው የመጣው፣ መሰርሰር፣ ማሽከርከር። ከወታደር ሰፈር ወደ እኛ ክፍል የመጣው ድሪል ሳናስበው እጃችን እንዲንቀሳቀስ የሚደረግ ነው፤ ደወሉ ይጮኻል፣ እሳት የለም፣ እንወጣለን። ትሬይን መጎተት ነው፣ ባቡሩም ስሙን ያገኘው ከዚያ ነው። የእኛ «ሰለጠነ» ይበልጣል ብዬ አምናለሁ፤ ሥልጠና፣ ሥልጣንና ሥልጣኔ ከአንድ ግስ ሲወጡ ማየት ለብቻው አንድ ማታ ያስቀምጣል። ኤክሰርሳይዝን ደግሞ አማርኛ በአጭሩ «ስፖርት መሥራት» ብሎታል። ላቲኑ ከታጠረ ስፍራ አውጥቶ ሥራ ላይ ማሰማራት ነው፤ ከብትን ከበረት አውጥቶ ወደ እርሻ ከመንዳት የመጣ ሳይሆን አይቀርም የሚሉ አሉ። ገና ከመንደራችን አልወጣንም።

እነዚህን ሁሉ እየለቀምኩ ሳለሁ እናቴ በየሳምንቱ እሑድ አንድ ጥያቄ ትጠይቀኛለች። «ለመድሽ ወይ?»

መልመድ። መለማመድም፣ ልምምድም ከዚሁ ነው፣ ግን የእናቴን ጥያቄ በፕራክቲስ መተርጎም አይቻልም። እንግሊዝኛው ምን እያደረግሽ ነው፣ ለማን ፊት፣ ለየትኛው ቀን ብሎ ይጠይቃል። አማርኛው የተደጋገመው ነገር አንቺን ምን አደረገሽ ይላል። ቤቱን ለመድሽው? ብርዱን? ሰዉን? ልምድ ያላት ስትባል ምስጋና ነው፣ ልማደኛ ስትባል ፖሊስ ጣቢያ ነሽ። ዱር የነበረው እንስሳ ለማዳ ይሆናል። ከዚያ ደግሞ ያች ጉደኛ «ብ» አለች። «ለመደብኝ» ስንል ለማጇ እኔ መሆኔ ይቀራል፤ ነገሩ ነው በላዬ ላይ የሠለጠነው። እናቴ ስኳር ሰርቄ ስቅም «እንዳይለምድብሽ!» ነበር የምትለው፣ ስኳሩ እግር አውጥቶ የሚከተለኝ ይመስል። የለመደ ልማድ ያሰርቃል ከማዕድ የሚለውንም አስከትላ። እንግሊዝኛ ለዚህ ሌላ ግስ ያመጣል፣ ፕራክቲስን አይልክም።

የመጀመሪያው ዓመት ላይ «ለምጃለሁ» እላት ነበር። ውሸት ነው። ከቀኑ በዘጠኝ ሰዓት ተኩል የሚመሽ ክረምት ማን ይለምዳል? አሁን ሦስተኛ ዓመቴ ነው፣ መምሸቱንም ለምጄዋለሁ፣ ግን እንዳይከፋት ብዬ «እየለመድኩ ነው» እላታለሁ። ለምጃለሁ ስል ድምፅዋ ሲቀንስ ሰምቼዋለሁ።

ባለፈው ዓመት መንጃ ፈቃድ ለማውጣት ገባሁ። ባሕር ዳር በቀኝ ተምሬያለሁ፣ ከጓደኞቼ መኪና ጀርባ ላይ «ለማጅ» ብለው ወረቀት ለጥፈው እየተሳሳቁብኝ። እዚህ በግራ ነው የሚነዳው። ተማሪ የሚነዳው መኪና ከፊትና ከኋላ ነጭ ሰሌዳ ላይ ቀይ ኤል ይለጥፋል፤ ከ1935 ጀምሮ እንዲህ ነው። ኤሉ «ለርነር»፣ ለማጅ ማለት፣ የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል መነሻ ፊደል ነው።

ያቺን ፊደል መኪናው ላይ ለጥፌ ስመለስ ነው አንድ ነገር የገጠመልኝ። የእኛ ለመደ በዕብራይስጥም አለ፤ እዚያ ላማድ ተማረ ማለት ነው፣ ታልሙድ የሚባለው የአይሁድ የሕግ መጽሐፍም ስሙ ከዚያ የተወለደ ነው። ከዚያው ሥር «ማልማድ» የሚባል ዕቃ ይወጣል፣ የበሬ መውጊያ። መጽሐፈ መሳፍንት ምዕራፍ 3 ላይ ሰሜጋር ስድስት መቶ ፍልስጥኤማውያን የገደለበት መሣሪያ እሱ ነው። በእኛ መንደር በሬ የሚነዳው በጅራፍ ስለሆነ ልጅ ሳለሁ ይህን ታሪክ በጅራፍ ነበር የማየው። ፊንቄያውያን ደግሞ ፊደላቸውን ሲያወጡ «ለ» የምትሰማውን ላሜድ ብለው ጠሯት፤ ስሟ መውጊያ ከሚለው ነው፣ መልኳም ጫፉ የተቆለመመ በትር። ያቺ ፊደል በግሪክና በላቲን በኩል ተሻግራ ኤል ሆነች። በሌላው መንገድ ደግሞ ወደ ደቡብ ወርዳለች፤ የእኛ «ለ» የእሷው ዘመድ ነች። እንግዲህ በቀዩ ቀለም ከኋላዬ የተለጠፈው የበሬ መውጊያ ነው። አስተማሪዬ በአደባባዩ ላይ ስፈዝ «ጎ፣ ጎ፣ ጎ!» ሲለኝ ማልማዱ ከወገቤ ላይ ያረፈ ይመስለኛል።

ለአባቴ ይህን ሁሉ በስልክ ላስረዳው ሞከርኩ። ፊንቄውን ዘለልኩት። ስለ መኪናው ብቻ አወራሁለት፤ እጄ ማርሹን ፍለጋ ወደ በሩ እንደሚሄድ፣ ዝናብ መጥረጊያውን ልከፍት ስል ፍሬቻው እንደሚበራ፣ መታጠፊያ ላይ ሰውነቴ ወደ ቀኝ እንደሚያዘነብል።

እሱ የሚያስበው ሌላ ነበር። ዘንድሮ አንድ ወይፈን ከአሮጌው በሬ ጋር ጠምዶ እያለመደ ነው።

«እንዴት ሆነ? ለመደ?» አልኩት።

«ቀንበሩንስ ለምዷል። ትልም መሐል መተኛቱንም ትቷል» አለኝ። «ግን በቀኝ ነው የለመደው። አሮጌው አሞት ያንን የጎረቤት በሬ ብዋስ እሱም የቀኝ ሆኖ ቁጭ! ወይፈኑን በግራ ብጠምደው አልሄድም አለኝ። ቆሞ ያየኛል። እንደ አዲስ ልጀምረው ነው።»

ጥቂት ዝም አለና «እነሱ በየትኛው ጎን ነው የሚነዱት ያልሽኝ?» አለ።

«በግራ።»

ሳቁ እስኪያበቃ ድረስ ካርዴ አለቀ።